አርባ ሁለት መስመርና አንዲት ሚስት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። የዚህ ሁሉ ጣጣ ሥር የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ያወጣው ሕግ ነው። ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ያትማል። የመቁጠሪያው የመጨረሻ ገጽ «ዓመቱ በአንድ ገጽ» ይባላል፤ በዓለም ላይ የሆነው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ገጹ የሚይዘው ግን አርባ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሕጉም ይኸው ነው፦ አንድ ጉዳይ፣ አንድ መስመር። ንጉሥ ቢሞት አንድ መስመር፣ ምድር ብትናወጥ አንድ መስመር። «ዓለም ከአርባ ሁለት መስመር በላይ ከሠራች ጥፋቱ የራሷ ነው» ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽሩን በመሐረብ እየወለወለ።

ይህን ገጽ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጁ የለቀመው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ጋሼ እርሳስ ይባላል። ፊደል ለቃሚ ነው። ያኔ ጽሑፍ የሚታተመው ከእርሳስ የተቀረጹ ፊደላት አንድ በአንድ ከሣጥናቸው ተለቅመው፣ በብረት መያዣ ላይ ተደርድረው፣ ቀለም ተቀብተው ነበር። ጋሼ እርሳስ ዓይኑን ጨፍኖ «ቋ»ን ከሣጥኑ ያወጣል። የቤቱን ቁልፍ ግን ዓይኑን ከፍቶም አያገኘውም።

እንዲህ ያለው ሰው ሚስት ማንበብ አትችልም ነበር። ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ ውሃ መጠማት ማለት ይህ ነው። አንድ ልጃቸው በሌላ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ በየወሩ ደብዳቤ ይልካል። ባልየው ቀኑን ሙሉ ፊደል ሲያይ ውሎ ማታ ደብዳቤ ሲሰጡት «ዓይኔ ጠገበ» ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን የምታነበው የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። እሷን ሁሉም እትዬ ይላታል፤ ከኋላዋ ግን «እትዬ ሬዲዮ» ናት። ሬዲዮኑ ከትራሷ አይለይም፤ ሬዲዮኑ የተናገረውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ከእሷ ይሰማል።

እትዬ ሬዲዮ ደብዳቤ ስታነብ ወግ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከዚያ መነጽሯን ታደርጋለች። ከዚያ ውሃ ትጠይቃለች። ልጁ ስምንት መስመር ይጽፋል፤ እሷ ግማሽ ሰዓት ታነባለች። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለእትዬ ደግሞ ለብቻዋ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ እሷ ባትኖር እኔ ሰው አልሆንም ነበር።» ይህን ስታነብ ድምጿ ይለሰልሳል፣ ደብዳቤውን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ትከትና ደብዳቤዎቹ በሚጠራቀሙበት የብስኩት ቆርቆሮ ታኖረዋለች።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1989 ሚያዝያ ላይ ሚስትየው ከእንዲህ ያለው ንባብ በኋላ «እኔም ፊደል ልቆጥር ነው» አለች።

እትዬ ሳቀች። «በሃምሳ ሦስት ዓመትሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!»

ሚስትየው ቱግ አለች። «ስሚ እትዬ፤ ከፈረንጆች ገና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ የባሌን ገጽ ከላይ እስከ ታች ፊትሽ አነበዋለሁ። ካላነበብኩ የልጄን ደብዳቤ ዕድሜ ልክሽን እንዳሻሽ አንብቢ፤ ትንፍሽ አልልም።»

«ምስክር አለ?» አለች እትዬ፣ ወደ እህቷ ባል ዞራ።

«አለሁ» አለ ጋሼ እርሳስ። ምስክርነቱ ምን እንደሚያስከፍለው አላወቀም።

አስተማሪው ራሱ ሆነ። ጠርዛቸው አልቆ ወደ ማቅለጫው ሊሄዱ የነበሩ ፊደላትን በሽርጡ ኪስ ይዞ ይመጣል፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በብረት መያዣው ይደረድራቸዋል፤ እሷ በጣቷ እየዳሰሰች ትጠራቸዋለች። አእምሮዋ ስል ነው። ነሐሴ ሳይገባ ፊደሉን ጨርሳ ቃል ጀመረች። ከዚያማ ባልየው የዕለቱን መስመር እንዳለ ከነመያዣው ቤት ያመጣላት ጀመር፤ ዓለምን ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታነባለች። የሶቪየት ወታደሮች ከአፍጋኒስታን መውጣታቸውን አነበበች። ነዳጅ የጫነች መርከብ በአላስካ ባሕር ላይ ነዳጇን መድፋቷን አንብባ «ሹፌሩ ምን ነካው?» አለች። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተላከች መንኮራኩር ኔፕቱን አጠገብ መድረሷን ስታነብ ደግሞ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሄዳ?»

«ዐሥራ ሁለት ዓመት።»

«እኔማ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው» አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ጋሼ እርሳስ የኮራውን ኩራት የሚችለው ትከሻ አልነበረውም። ኩራት ደግሞ ሰውን ያደፋፍራል። ጥቅምት ላይ ገጹ ሊያልቅ ሲል አንድ መስመር ለቅሞ በሠላሳ አንደኛው ቦታ አስገባ፦ «የአንድ ፊደል ለቃሚ ባለቤት በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ማንበብ ቻለች።» ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሞትና የሰው ዋንጫ ሲለቅም አንድም የሚያውቀው ሰው ገጹ ላይ ገብቶ አያውቅም። ዘንድሮ ትግባ! ለሚስቱ ምንም አልነገራትም፤ በውርርዱ ቅዳሜ ጮክ ብላ ስታነብ ራሷ ታግኘው ብሎ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ማለፍ ግን ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ እርሳስ ዘዴ ፈጠረ። ለእርማት የሚታተመው ወረቀት፣ ፕሩፍ የሚሉት፣ ሲወጣ በሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ የኤፌል ማማ መቶኛ ዓመት ይገባል። አለቃው ፈርሞ ሲሄድ ማማው ይወጣና ሚስትየው ትገባለች። አዲስ ፕሩፍ ሲጠየቅ ሚስትየው ትወጣለች፣ ማማው ይገባል። ያ የብረት ማማ በመቶ ዓመት ዕድሜው እንደዚያ ወር ወዲያ ወዲህ ብሎ አያውቅም።

ሌላ ዓመት ቢሆን ነገሩ በዚሁ ባለቀ። ማተሚያ ቤቱ ገጹን ጥቅምት ላይ የሚዘጋው ዓለም በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት አርፋ ትቀመጣለች በሚል እምነት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ትቀመጥ ነበር። ዘንድሮ አልተቀመጠችም። ኅዳር ዘጠኝ ቀን የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ሰው ግንቡ ላይ ወጥቶ በመዶሻ ይፈረካክሰው ገባ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ጋዜጣውን ይዞ እየገባ። «ጋሼ፣ አንድ መስመር ያውጡልኝ።»

«የኳሱን ላውጣ?» አለ ጋሼ እርሳስ። ሚላን የአውሮፓን ዋንጫ መውሰዱ አንድ መስመር ይዞ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። «ኳሱንማ አይንኩ! ሌላ ይፈልጉ።»

የወጣው የአንድ ድልድይ ምረቃ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የኮምፒውተሮችን መረጃ በአንድ መረብ ማያያዝ ስለሚቻልበት መንገድ ጽፎ ለአለቃው ሰጥቶ ነበር። የዛሬው ድረ ገጽ የተወለደው ከዚያ ነው፤ እሱ ግን ገጹ ላይ አልገባም፤ ማንም አልሰማውም። ሚላን ገባ። የሰው ልጅ ምርጫ እንዲህ ነው።

የግንቡ መስመር የገባ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ጋሼ እርሳስ እርሳሱን ቤት ማምጣት ትቶ ፕሩፉን አመጣ። ሚስቱ ንጹሕ ወረቀት ላይ እንድታነበው ፈለገ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

ሚስትየው አየችው። ወረቀቱን ገለበጠችው። መልሳ አቃናችው። «ይሄ የማን ፊደል ነው?»

«የኛ ነው እንጂ።»

«የኛ እግሩ ወደ ላይ ነው። እነዚህ ቆመዋል።»

ጋሼ እርሳስ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የእርሳስ ፊደል ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ራሱ የተገለበጠ ነው፤ ለቃሚው ሲደረድረው እግሩን ሰቅሎ ነው የሚያየው። እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለቱንም ሲያነብ ኖሮ ልዩነቱ ከዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱን ሰባት ወር ሙሉ ያስተማራት ዘቅዝቆ ነው! ለእሷ «በ» ማለት «ሀ» የምትመስል ነገር ናት። ክቧ «ዐ» ብቻ በሁለቱም ወገን ሳትለወጥ ቀረች።

«የሱቁን ጽሑፍ አላየሽም? ጋዜጣ አላየሽም?» አለ፣ ድምጹ ቀጥኖ።

«አይቻለሁ። እሱ ትልቁ ፊደል ነው ብዬ ነዋ! ትንሹን ስጨርስ ታስተምረኛለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋሼ እርሳስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። በሠርጋቸው ቀን ቀለበቱን ረስቶ የሄደ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈረም። ሚስቱ ጉዳዩ ሲገባት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ቀጥላ የወጥ ማንኪያ ወረወረችበት። ማንኪያው ግድግዳ መታ።

«ለእትዬ ልንገራት? ጥፋቱ የኔ ነው ልበላት?» አለ።

«ሞክረውና ታየኛለህ!»

የቀሩት ስድስት ሳምንታት የጭንቅ ነበሩ። ሚስትየው ቀጥ ያለውን ፊደል መማር ጀመረች፤ ግን አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተደባለቀ አስቸገራት። ሁለት መስመር ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ አርባ ሁለቱን እስክትጨርስ እትዬ አርጅታ ትሞታለች። ዓለም ደግሞ ፋታ አልሰጥም አለች። የፕራግ ሰዎች አደባባይ ወጥተው መንግሥታቸውን ሲለውጡ አንድ ዘፋኝ ከገጹ ወረደ። ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ ጦር ፓናማ ሲገባ አንድ የእህል ዐውደ ርዕይ ተባረረ። ጋሼ እርሳስ ሠላሳ አንደኛውን መስመር እንደ ዓይኑ ብሌን እየጠበቀ ሌላውን ሁሉ ያወጣል። ያ መስመር አሁን ውሸት መሆኑን ያውቃል። ሆኖም እጁ አላነሳው አለ።

ለውርርዱ ቀን ሦስት ቀን ሲቀር ሚስትየው ከእንቅልፏ ስትነሣ ፊቷ በርቶ ነበር። «ምን ነበር ያልኩት? ገጹን አነበዋለሁ ነው ያልኩት። በወረቀት አነበዋለሁ ብያለሁ?»

ጋሼ እርሳስ አሰበ። «አላልሽም።»

«ምስክር ነህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው እትዬን ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ነይ በላት።»

ቅዳሜ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት ገጹ በብረት ክፈፍ ታስሮ በማተሚያ ቤቱ የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከሰዓት ማተም ይጀመራል። ሚስትየው ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እትዬ ሬዲዮ ግን ስትገባ እያለከለከች ነበር።

«ሰማችሁ? የሩማንያው መሪ ከሥልጣን ተነሡ! ትናንት ከጣሪያ ላይ በሄሊኮፕተር አመለጡ!»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ አለ። «ምን አሉ እትዬ?»

«በሄሊኮፕተር! ከነሚስታቸው!»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ያዘ። «ይህች ዓለም ልትገለኝ ነው። ጋሼ እርሳስ፣ አንድ መስመር ይውጣ። እ... የኤፌል ማማ ይውጣ። መቶ ዓመት ቆሟል፤ ሌላ መቶ ዓመት ይቆማል።»

ጋሼ እርሳስ ወስፌውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ማማው እዚያ የለም። በማማው ቦታ ያለችው ሚስቱ ናት።

«ይቆይ ጌታዬ» አለች ሚስትየው። «መጀመሪያ እኔ ላንብብ፤ እህቴ የመጣችው ለዚህ ነው።»

እትዬ መነጽሯን አድርጋ በእርሳሱ ገጽ ላይ አጎነበሰች። ቀና አለች። መነጽሯን ወልውላ እንደገና አጎነበሰች። «ይሄ ደግሞ የምን ፊደል ነው? ምንም አይነበብም!»

«ለማያውቅ አይነበብም» አለች ታናሽ እህት። ጉሮሮዋን ጠረገች። ውሃ ጠየቀች። ውሃ መጣላት፤ ጠጣች። ከዚያ ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

አነበበች። የጃፓኑን አዛውንት ንጉሠ ነገሥት ዕረፍት አነበበች፤ የፖላንድን ምርጫ፣ የሳን ፍራንሲስኮን መናወጥ፣ የበርሊንን ግንብ። አንዴም አልተደናቀፈችም። ለረጅም ቃል ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ነጥብ ላይ ታርፋለች። ሥራ አስኪያጁ ሳያውቀው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እትዬ አፏን በእጇ ይዛለች። መንኮራኩሯ ኔፕቱን ደረሰች፤ ጣቷ ወደ ቀጣዩ ወረደ።

«የአንድ ፊደል ለቃሚ ባለቤት በሃምሳ ሦስት ዓመቷ...»

ቆመች። ቀሪውን በዓይኗ አነበበችው፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ጋሼ እርሳስ የሽርጡን ጫፍ እየጠቀለለ ወለሉን ያይ ነበር።

«ምን የሚሉት ዜና ነው ይሄ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ። «የኤፌል ማማስ የት ሄደ?»

«ጥቅምት ላይ ፈርሷል ጌታዬ» አለ ጋሼ እርሳስ። «ከበርሊኑ ቀድሞ።»

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ አየር ሳበ፤ ሚስትየውን ሲያይ አየሩን ቀስ ብሎ ለቀቀው። «ደህና። ይቆይ እንግዲህ። ለሩማንያ... ኳሱን ያውጡት።» ይህን ሲል ድምጹ ተሰበረ። ሚላንን እንደ ልጁ ነው የሚወደው።

«የለም» አለች ሚስትየው። «የእኔ ይውጣ።»

«ለምን?» አለ ባሏ።

«ውሸት ነዋ! ግማሹን ነው የቻልኩት። ወረቀት ላይ ገና ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እውነት ስታትም ኖረህ በኔ ልትዋሽ?» ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። «አውጣውና ቤት አምጣልኝ።»

መስመሩን በወስፌ ጫፍ አነሣው፤ ፊደላቱ እንዳይበተኑ በሲባጎ አስሮ ኪሱ ከተተው። ሩማንያ ገባች። ሚስትየው ከሠላሳ አንደኛው ቀጥላ እስከ አርባ ሁለተኛው አነበበች፤ ሚላን ላይ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ።

«ረታሽኝ» አለች እትዬ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አንድ ነገር ያሳሰባት መሰለች፤ እህቷ ቤት የደብዳቤዎቹን ቆርቆሮ ባየች ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች።

እሑድ ጠዋት ሚስትየው የታሰረውን መስመር ጥቁር የጫማ ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ ተጫነችው። ስታነሣው ፊደላቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምን እንደሚሉ በቃሏ ታውቃለች። ስለዚህ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው፦ ይህች «በ» ከሆነች፣ ያቺ «ቻ» ከሆነች... ከሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ይዛ ሱቅ ድረስ ሄዳ በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያየች። በጥር ጋዜጣ ታነብ ነበር። በጥር መጨረሻ የደብዳቤዎቹን ቆርቆሮ ከፈተች።

የመጀመሪያውን አነበበች። ልጇ ደህና ነው፤ ዝናብ አስቸግሮታል፤ አዲስ አውቶቡስ ሰጥተውታል፤ እናቱን ይስማል። አለቀ። እትዬ የለችም። ሁለተኛውን ከፈተች፤ የለችም። ዐሥራ አንድ ደብዳቤ አነበበች፤ በአንዱም ለእትዬ የሚል አልነበረም።

ጋሼ እርሳስ ሲነገረው ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «ሬዲዮዋ የራሷን ዜና ነበር የምታሰራጨው! ቆይ፣ ዛሬውኑ ሄጄ...»

«ቁጭ በል!» አለችው። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ መልሳ አየች። እትዬ ልጅ አልወለደችም። ልጁ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ሁለት ሳምንት ከአልጋው ያልተለየችው እሷ ነበረች። «ወረቀት ስጠኝ።»

የመጀመሪያ ደብዳቤዋን ለልጇ ጻፈች፤ ሦስት መስመር ነው፤ ጧት ጀምራ ለምሳ ጨረሰችው። ፖስታ ቤት ራሷ ወሰደችው።

የካቲት ላይ መልሱ መጣ። እትዬም ደብዳቤ መምጣቱን ሰምታ መጣች፣ ግን እጇን ለደብዳቤው አልዘረጋችም። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አሁንማ አንቺ ታነቢያለሽ» አለች።

«የኔ ድምጽ አያምርም። አንቺ አንብቢው» አለች ታናሽ እህት፣ ፖስታውን እትዬ ጭን ላይ እያስቀመጠች።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። መነጽሯን አደረገች። ውሃ ግን አልጠየቀችም። ያለውን ብቻ አነበበች፤ ምንም አልጨመረችም፤ ንባቡ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ከልማዷ የተነሣ ከወረቀቱ ቀና ብላ «ለእትዬ ደግሞ...» ብላ ጀመረችና ደንግጣ አቆመች። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

እዚያው ተጽፏል። ቃል በቃል።

ሁለት ጊዜ በዓይኗ አነበበችው። ከዚያ እህቷን አየቻት፤ እህቷ የምድጃውን እሳት ትቆሰቁሳለች። ጋሼ እርሳስ ጣሪያውን ያያል።

«ዓይኔ ደከመኝ» አለች እትዬ፣ መነጽሯን አውልቃ። «ነይ፣ ይቺን አንቺ ጨርሺልኝ።»

ታናሽ እህት እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች፣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ጮክ ብላም አነበበችው፦ «ለእትዬ ደግሞ ለብቻዋ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ እሷ ባትኖር እኔ ሰው አልሆንም ነበር።»

«ድገሚው እስቲ» አለች እትዬ።